ትሪፕል ክራውን ይቀየር ወይስ ይቆይ? አማራጮቹ ጎን ለጎን

ድሬዳዋ ላይ የፈረስ እሽቅድምድም የሚከታተለው ሰው ከኳስ ወዳጁ ጋር ሲተያይ እፍኝ አይሞላም። ክርክሩ ግን ከኳሱ አይተናነስም። ከዚራ ዛፍ ጥላ ስር ሻይ ይዘው ስለ ኬንታኪ ደርቢ የጀመሩ ሁለት ሰዎች መድረሻቸው ይታወቃል። አንዱ "ሦስት ውድድር በአምስት ሳምንት ግፍ ነው፤ ይስፋ" ይላል። ሌላው "አቦ ተወን! ቀላል ቢሆን ማን ቁጭ ብሎ ያየው ነበር?" ይለዋል። ማንም ማንንም ሳያሳምን ሻዩ ይቀዘቅዛል።

ይህ መመሪያ አጣርቶ ወገን መያዝ ለሚፈልግ ሰው ነው። እስካሁን የተነሱትን የለውጥ ሐሳቦች፣ የሚያስገኙትንና የሚያሳጡትን አስቀምጣለሁ። የእኔንም ምርጫ አልደብቅም። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አሁን ያለው ምን ይመስላል?

ትሪፕል ክራውን አሜሪካ ውስጥ የሦስት ዓመት ፈረሶች ብቻ የሚሮጡበት የሦስት ውድድሮች ስብስብ ነው። መጀመሪያ ሉዊቪል ከተማ ቸርችል ዳውንስ ላይ ኬንታኪ ደርቢ ይሮጣል፤ ርቀቱ 2,012 ሜትር ገደማ ነው። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ባልቲሞር ፒምሊኮ ላይ ፕሪክነስ ይመጣል፤ እሱ ትንሽ አጠር ብሎ 1,911 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በሦስተኛው ሳምንት ኒውዮርክ ላይ ቤልሞንት ስቴክስ አለ፤ 2,414 ሜትር ገደማ። ሦስቱንም ያሸነፈ ፈረስ ዘውዱን ደፋ ይባላል። ከሰር ባርተን (1919) እስከ ጀስቲፋይ (2018) ዘውዱን የደፉት 13 ብቻ ናቸው።

ደርቢ የሚውለው በሜይ የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው። በእኛ ሲሰላ ሁልጊዜ ከሚያዝያ 23 እስከ 29 ባለው ውስጥ ይወድቃል። በ2021 ልክ ሚያዝያ 23 ላይ ዋለ፤ ፈረሰኛው ቅዱስ ጊዮርጊስ በሚነግሥበት ዕለት። ሰዓቱ ግን አይመችም። እዚያ አመሻሽ ላይ ሲለቀቁ እዚህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ነው የሚቀረው። በቀጥታ የሚያይ የድሬ ልጅ እንቅልፉን ከፍሎ ነው።

"ባህሉ አይነካ" ለሚሉ

ባህሉ ራሱ ስንት ጊዜ ተነክቷል። የመጀመሪያው ደርቢ በ1875 ሲሮጥ ርቀቱ እንደ ዛሬው ቤልሞንት 2,414 ሜትር ነበር። በ1896 ነው ያሳጠሩት። ፕሪክነስ ከደርቢ ቀድሞ የተሮጠባቸው ዓመታት አሉ፤ ጋላንት ፎክስ በ1930 ዘውዱን ሲደፋ መጀመሪያ ያሸነፈው ፕሪክነስን ነው። በ1917 እና በ1922 ደግሞ ሁለቱ ውድድሮች በአንድ ቀን ዋሉ። ያኔ ዘውዱ ሊታሰብም አይችልም ነበር፤ ፈረስ በአንድ ቀን ኬንታኪም ባልቲሞርም አይገኝ።

ዕረፍቱም ወጥ አልነበረም። ሰር ባርተን ደርቢን አሸንፎ በአራተኛው ቀን ፕሪክነስን ሮጠ። ዋር አድሚራል በ1937 በሁለቱ መካከል የነበረው አንድ ሳምንት ብቻ ነው። ሳይቴሽን በ1948 ከፕሪክነስ እስከ ቤልሞንት አራት ሳምንት አገኘ። አሁን "ጥንታዊ" የሚባለው ሁለት ሳምንት፣ ከዚያ ሦስት ሳምንት የሚለው ሰሌዳ የጸናው ከ1969 ወዲህ ነው። ከ13ቱ ባለዘውዶች በዚህ ሰሌዳ የነገሡት አምስት ናቸው፦ ሴክሬታሪያት፣ ሲያትል ስሉ፣ አፈርምድ፣ አሜሪካን ፋሮ እና ጀስቲፋይ።

ስለዚህ "ሰሌዳው ከተቀየረ የአዲሱ ባለዘውድ ክብር ከድሮዎቹ ያንሳል" የሚለው ስጋት ብዙም አያስጨንቀኝም። የሳይቴሽንን ስም ሲያነሳ "ሰውዬ፣ እሱ እኮ አንድ ሳምንት ተጨምሮለት ነው" የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። የፈረስ ዝና በሰሌዳ አይለካም። እኛም አገር ራስ መኮንን አባ ቃኘው የተባሉት በፈረሳቸው ነው። ኮሪያ የዘመተው ሻለቃ ሳይቀር ቃኘው ተብሎ ነው የሄደው። ቃኘው ስንት ሜትር በስንት ደቂቃ እንደጋለበ የጠየቀ የለም።

የሚለካው በምንድን ነው?

ብዙ ሰው ክርክሩን የሚጀምረው "ዘውዱ በጣም ከብዷል ወይስ አልከበደም?" ብሎ ነው። እዚያ ላይ ከተጀመረ አያልቅም። ከአፈርምድ (1978) እስከ አሜሪካን ፋሮ (2015) 37 ዓመት አንድም ፈረስ አልነገሠም። በዚያ መሃል 13 ፈረሶች ደርቢንና ፕሪክነስን አሸንፈው ቤልሞንት ላይ ቀርተዋል። 12ቱ ሮጠው ተሸነፉ፤ አንዱ፣ አይል ሃቭ አናዘር፣ በ2012 በዋዜማው ተጎድቶ ወጣ። ሪል ኳየት በ1998 የተሸነፈው በአፍንጫ ነው። ያኔ "ይህ ነገር ከእንግዲህ አይቻልም" የሚለው ድምፅ በርትቶ ነበር። ከዚያ በአራት ዓመት ውስጥ ሁለት ነገሡ። መክበዱ በሽታ አይደለም።

እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። የደርቢው አሸናፊ ፕሪክነስ ላይ ይመጣል ወይ?

በ2022 ሪች ስትራይክ 80 ለ1 ተገምቶ ደርቢን አሸነፈ። ጉድ ነው የተባለው። ባለቤቶቹ ግን ሁለት ሳምንት አነሰን ብለው ፕሪክነስን ዘለሉ። በ2025 ሶቨሪንቲ እንዲሁ አደረገ። ደርቢን አሸነፈ፣ ፕሪክነስን ዘለለ፣ መጥቶ ቤልሞንትን ወሰደ። ፕሪክነስን ያሸነፈው ደርቢ ላይ ሁለተኛ የወጣው ጆርናሊዝም ነበር። አንድ ፈረስ ከሦስቱ ሁለቱን አሸንፎ ዘውዱን ግን ለመሞከር እንኳ አልፈለገም ማለት ነው። ለእኔ የተበላሸው እዚህ ጋ ነው። ሞክሮ መሸነፍ ሌላ፣ ጭራሽ አለመሞከር ሌላ።

አማራጮቹን ሁሉ በዚህ ጥያቄ እያየን እንሂድ።

አንደኛ፦ እንዳለ ይቆይ

ጠንካራ ጎኑ ግልጽ ነው። ፈተናው ሦስት ነገር ይለካል፤ ፍጥነት፣ ርቀት የመቻል አቅም፣ ቶሎ የማገገም አቅም። ሦስተኛውን ካነሳህ ሌላ ውድድር ሆነ። ሴክሬታሪያት በ1973 ቤልሞንትን በ31 ፈረስ ርዝመት ቀድሞ፣ በ2 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ የጨረሰው በአምስት ሳምንት ውስጥ ሦስተኛ ውድድሩ ላይ ነው። ያ ሰዓት እስካሁን አልተነካም።

ደካማው ጎን ውድድሩ ሳይቀየር አሠልጣኞቹ መቀየራቸው ነው። በ1960 አንድ የአሜሪካ እሽቅድምድም ፈረስ በዓመት በአማካይ 11 ጊዜ ገደማ ይሮጥ ነበር። አሁን 6 ገደማ ነው። ሳይቴሽን ደርቢን ከመሮጡ ከአራት ቀን በፊት ሌላ ውድድር ሮጦ ነበር። በፕሪክነስና በቤልሞንት መካከልም "ዕረፍት" ላይ እያለ ኒው ጀርሲ ሄዶ ሌላ ውድድር አሸንፎ ተመለሰ። ዛሬ እንዲህ ያደረገ አሠልጣኝ በማግስቱ ሥራ ይፈልጋል። አሁን ልማዱ ከውድድር ውድድር አራትና አምስት ሳምንት መስጠት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ፈረሱ ገላ ጥቂት። ፈረስ ጠንክሮ ከሮጠ በኋላ ጡንቻው ያቃጠለውን ስንቅ መልሶ ለመሙላት ሁለት ሦስት ቀን ይፈጅበታል፤ ከሰው ይዘገያል። ይህ በሁለት ሳምንት ውስጥ በደንብ ያልቃል። አጥንትና ጅማት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በሩጫ የተነካ አጥንት ራሱን ለመጠገን ሳምንታት ይፈልጋል። የፊት እግር ጅማት ከተቆጣ በዓይን ከመታየቱ በፊት በእጅ ይታወቃል።

ይህን ለማየት ኬንታኪ መሄድ አያስፈልግም። ጧት ጋሪ ከመጠመዱ በፊት አንድ ልምድ ያለው የድሬ ባለጋሪን ልብ ብላችሁ እዩ። ጎንበስ ይልና መዳፉን ከፈረሱ ጉልበት በታች ከኋላ በኩል ያሳርፋል። ቀስ እያለ እስከ ሰኮናው ድረስ ይወርዳል። ከዚያ ሌላኛውን እግር። ሁለቱን ያስተያያል። አንዱ ከሌላው ከሞቀ ያ ፈረስ ዛሬ አይጠመድም። የሚሊዮን ዶላር ፈረስ አሠልጣኝም ጧት ጧት የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ ባለጋሪው ፈረሱን ሲያሳርፍ የዕለት ገቢው ሲቀር፣ ያኛው ፕሪክነስ ይቀርበታል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። "ሁለት ሳምንቱ ፈረስ ይገድላል" የሚሉ ሰዎች ባርባሮን ይጠራሉ። ባርባሮ በ2006 ደርቢን አሸንፎ ፕሪክነስ ላይ እግሩ ተሰበረ፤ ለወራት ታክሞ አልዳነም። በጣም ያሳዝናል። ግን ማስረጃ አይሆንም። ፈረሶች ከረጅም ዕረፍት በኋላም ይሰበራሉ። ኤይት ቤልስ በ2008 የወደቀችው ደርቢው ላይ ነው፤ ከሦስቱ በመጀመሪያው። የፈረስ ደኅንነትን ያነሳ ሰው ከሰሌዳው ይልቅ ስለ ሜዳው አፈር፣ ስለ መድኃኒትና ስለ ምርመራ ቢጠይቅ ይሻላል።

ሁለተኛ፦ አንድ ሳምንት ብቻ ጨምር

የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ደርቢ ባለበት ይቆይ። ፕሪክነስ ከሁለት ሳምንት ወደ ሦስት ይሂድ። ቤልሞንት ደግሞ ከዚያ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ይምጣ። ጠቅላላው ከአምስት ስድስት ሳምንት ሆነ ማለት ነው። ርቀት አይነካ፣ ቅደም ተከተል አይነካ።

ለምን ሦስት? ቤልሞንትን ተመልከቱ። ፕሪክነስን የሮጡ ፈረሶች በሦስት ሳምንት ልዩነት ቤልሞንት ላይ ሲገቡ "ግፍ ነው" ብሎ የሚጮህ የለም። ዝላዩ የሚበዛው ሁለት ሳምንቱ ላይ ነው። ልማዳቸው አራት ሳምንት የሆነ አሠልጣኞች ሦስትን እያጉረመረሙም ቢሆን ይቀበላሉ። ሁለትን ግን ባለቤቱም አያስገድዳቸውም። ደግሞ ስድስት ሳምንት ሳይቴሽን ያገኘው ነው። ፈተናው አልቀለለም።

ችግር የለውም አልልም። ፕሪክነስ አንድ ሳምንት ሲገፋ ብዙውን ጊዜ አሜሪካኖች ለወደቁ ወታደሮቻቸው መታሰቢያ ከሚያከብሩት የሜይ መጨረሻ በዓል ጋር ይጋጫል። በዚያው እሁድ የኢንዲያናፖሊስ 500 የመኪና ውድድር አለ። ሰው ለሽርሽር ይወጣል፣ ቴሌቪዥኑም ይሻማል። የፒምሊኮ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይጨልማል። ግን ባዶ ሜዳ የሚያመጣው የበዓል ሽሚያ ብቻ አይደለም። የደርቢው አሸናፊ የሌለበት ፕሪክነስም ራሱ ገበያ ያጣል።

ሦስተኛ፦ ሜይ፣ ጁን፣ ጁላይ

ከ2014 ጀምሮ በተደጋጋሚ የሚነሳው ሐሳብ ነው። ያኔ ከፒምሊኮ ኃላፊዎች በኩል መጣ። ደርቢ በሜይ የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ ፕሪክነስ በጁን የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ ቤልሞንት በጁላይ የመጀመሪያ ቅዳሜ። ለማስታወስ ይመቻል። አሠልጣኞችን ደስ ያሰኛል። ዘጠኝ ሳምንት ገደማ ይሆናል።

እኔን ግን አያሳምነኝም። የመጀመሪያው ምክንያቴ የዝግጅት ነገር ነው። ጁላይ ኒውዮርክ ይጋገራል። የኒውዮርክ እሽቅድምድም በጁላይ ወደ ሳራቶጋ ይዞራል። ከዚያ ኒው ጀርሲ ላይ ሃስክል፣ ሳራቶጋ ላይ ደግሞ በኦገስት ትራቨርስ የሚባሉ ትልልቅ ውድድሮች አሉ። ቤልሞንትን ወደ ጁላይ ከገፋኸው እነዚህን ሁሉ ትገፋለህ።

ሁለተኛው ምክንያት ይከብዳል። ጊዜ መስጠት ብቻውን ፈረስ አያመጣም። እንግሊዝን እዩ። የትሪፕል ክራውን አባት እሱ ነው። ኒውማርኬት ላይ 2000 ጊኒስ በሜይ መጀመሪያ፣ ኤፕሶም ደርቢ በጁን፣ ዶንካስተር ላይ ሴንት ሌጀር በሴፕቴምበር። ከሁለተኛው እስከ ሦስተኛው ሦስት ወር አለ! ታዲያ ማን ነገሠ? ከኒጂንስኪ (1970) ወዲህ ማንም። በ2012 ካሜሎት ሞክሮ ለጥቂት ተሸነፈ። ብዙዎቹ ጭራሽ አይሞክሩም። ሴንት ሌጀር ረጅም ነው፤ ገበያው ደግሞ የሚፈልገው ፍጥነት ያለው ድንጉላ ነው። ሴንት ሌጀርን ማሸነፍ ለዘር ፈረስ ዋጋ ብዙም አይጨምርም። ፓሪስ ላይ ያለው አርክ የሚባለው ትልቅ ውድድር ደግሞ በኦክቶበር መጀመሪያ ይጠብቃል። ስለዚህ ጊዜ እያለ ቀሩ።

ጃፓን ደግሞ ተቃራኒው። ሳትሱኪ ሾ 2,000 ሜትር በኤፕሪል፣ የጃፓን ደርቢ 2,400 ሜትር በሜይ መጨረሻ፣ ኪኩካ ሾ 3,000 ሜትር በኦክቶበር። እነሱም ረጅም ዕረፍት አላቸው። ግን ፈረሶቹ ይመጣሉ፤ ዲፕ ኢምፓክት በ2005፣ ኦርፌቭር በ2011፣ ኮንትሬይል በ2020 ነገሡ። ሕዝቡ ዘውዱን ይፈልጋል፣ ባለቤቶቹም ያውቁታል። እንግዲህ አንድ ዓይነት ሰፊ ሰሌዳ፣ ሁለት የተለያየ ውጤት። ወሩን ማስፋት በራሱ መድኃኒት ቢሆን ኖሮ እንግሊዝ ላይ ይታይ ነበር።

ደግሞ ስሜቱን አስቡት። አምስት ሳምንት ሰው ልቡን ሰቅሎ ይጠብቃል። ዘጠኝ ሳምንት ሲሆን መሃል ላይ ይረሳዋል። በ2020 በኮሮና ምክንያት ቤልሞንት ቀድሞ በጁን ሆነ፣ ደርቢ በሴፕቴምበር፣ ፕሪክነስ በኦክቶበር። ሦስቱን ሦስት የተለያዩ ፈረሶች አሸነፉ፤ ቲዝ ዘ ሎው፣ ኦተንቲክ፣ ስዊስ ስካይዳይቨር። የመጨረሻዋ ባዝራ ናት፣ ወንዶቹን ሁሉ ቀድማ። ሌላ ዓመት ቢሆን ለወራት ይወራ ነበር።

አራተኛ፦ ቤልሞንትን አሳጥር

ይህ በአጭሩ ያልቃል። በደንብ ተሞክሯል። ቤልሞንት ፓርክ እንደገና ሲሠራ በ2024 እና በ2025 ውድድሩ ሳራቶጋ ላይ ሆነ። የሜዳው አቀማመጥ ስላልፈቀደ ርቀቱ ከ2,414 ወደ 2,012 ሜትር ወረደ። ማለት ልክ እንደ ደርቢ። በ2025 ምን ሆነ? ደርቢ ላይ ሶቨሪንቲ፣ ጆርናሊዝም፣ ባኤዛ ብለው ጨረሱ። ቤልሞንት ላይም ሶቨሪንቲ፣ ጆርናሊዝም፣ ባኤዛ። ያንኑ ፊልም ሁለት ጊዜ ከፍሎ ማየት ነው። ርቀቱ ሲለያይ ነው ሌላ ፈረስ ዕድል የሚያገኘው፣ ያሸነፈውም ሌላ ነገር ያሳየው። ይህን አማራጭ ተዉት።

አምስተኛ፦ ሰሌዳውን ተውና ገንዘብ ጨምር

ይህ ሐሳብ የመጣው ከድንጋጤ ነው። በ1985 ስፔንድ ኤ በክ ደርቢን አሸነፈ። ኒው ጀርሲ ላይ አንድ ሜዳ ደግሞ እዚያ የሚሮጡ የተወሰኑ ውድድሮችን ከደርቢ ጋር አሸንፎ ለጨረሰ 2 ሚሊዮን ዶላር ጉርሻ አዘጋጅቶ ነበር። ባለቤቱ ሒሳቡን ሠራ። ፕሪክነስን ዘለለና ኒው ጀርሲ ሄደ፣ አሸነፈ፣ ብሩን ወሰደ። የሦስቱ ውድድር ባለቤቶች ደነገጡ። አብረው ተቀመጡና ለባለዘውድ 5 ሚሊዮን ዶላር ጉርሻ አቆሙ። ዘውድ ባይገኝም ሦስቱንም ሮጦ በነጥብ ለበለጠ ፈረስ 1 ሚሊዮን ተመደበ።

ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። 5 ሚሊዮኑን ግን የወሰደ የለም፤ ጉርሻው በነበረባቸው ዓመታት አንድም አልነገሠም። አሜሪካን ፋሮና ጀስቲፋይ ሲነግሡ ደግሞ ጉርሻው ከቀረ ቆይቷል። የነጥቡ 1 ሚሊዮን በ1993 አሳፋሪ ሆኖ አረፈ። የፕሪክነሱ አሸናፊ ፕሬሪ ባዩ ቤልሞንት ላይ ተሰብሮ ሞተ። ብሩ ለሲ ሂሮ ደረሰ፤ ቤልሞንትን ሰባተኛ ሆኖ ለጨረሰ ፈረስ።

ዛሬ ቢመለስስ? ዋናው ገንዘብ ሜዳው ላይ አይደለም። አሜሪካን ፋሮ በ2016 ለዘር ሲቆም የአንድ ጊዜ ክፍያው 200,000 ዶላር ነበር። የጀስቲፋይ በ2019 150,000። አንድ ድንጉላ በዓመት ከመቶ ከሚበልጡ ባዝራዎች ጋር ሊዳቀል ይችላል፤ እናንተው አባዙት። ይህን ሒሳብ የያዘ ባለቤት በ1 ሚሊዮን ጉርሻ ተታሎ ፈረሱን በሁለት ሳምንት መልሶ አያስገባም። ብሩ የሚረዳው መሃል ላይ ያሉትን፣ ሦስተኛና አራተኛ የሚወጡትን ነው። እነሱ ቢመጡ ሜዳው ይሞላል፤ ያ በራሱ ጥሩ ነው። ግን የተነሳንበትን ጥያቄ አይመልስም።

ለማን የትኛው?

የሰዓትና የታሪክ ወዳጅ ከሆንክ፣ ሴክሬታሪያትን ከዛሬው ጋር ማወዳደር የምትወድ ከሆነ፣ እንዳለ ይቆይ በል። ክርክርህ ያስኬዳል። ብቻ "ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ነው" አትበል፣ 1969ን ያነሱብሃል።

ትልልቆቹ ፈረሶች ፊት ለፊት ሲገጥሙ ማየት የምትፈልግ ከሆነ ሦስት ሳምንቱን ያዝ። የአሠልጣኝ ወገን ከሆንክ ወራቱን ምረጥ፣ ግን የእንግሊዙን ሴንት ሌጀር ጥያቄ ለመመለስ ተዘጋጅ። ርቀት ይጠር የሚልህ ሰው ካለ ሻዩን ራሱ ይክፈል።

አንድ ነገር ግን ሁላችንም እናውቀው። ሦስቱን ውድድሮች የሚያዝ አንድ አለቃ የለም። ደርቢን የቸርችል ዳውንስ ኩባንያ ያዘጋጃል፣ ፕሪክነስን ባልቲሞር ያለችበት የሜሪላንድ ግዛት ሰዎች፣ ቤልሞንትን የኒውዮርኮቹ። አንዱ ቢንቀሳቀስ ሌሎቹ የመከተል ግዴታ የለባቸውም። ፕሪክነስ ብቻውን ሁለት ሳምንት ገፍቶ ቤልሞንት ባለበት ቢቆም ደግሞ ችግሩ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ክፍተት ተዛወረ እንጂ አልተፈታም። የአንድ ሳምንቱ ሐሳብ የሚሻለው በዚህም ነው፤ ከሦስቱ አንዱም ብዙ አይጎዳም።

እኛ ብናደርገውስ?

ሐረር ውስጥ ፈረስ መጋላ የሚባል አደባባይ ያለው ሰው የፈረስ ነገር ባዕድ አይሆንበትም። እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 ሲወጡ አገር ያያቸዋል። ድሬ፣ ሐረማያና ሐረር ላይ ሦስት ውድድር እናድርግ የሚል ሰው ቢነሳ ከላይ ካየነው የሚወስደው ብዙ ነው።

ቀኑን አስቀድሞ ይቁረጥና አይነካካው። ጥር 23 ሲባል እንጅባራ ትዝ የሚለን ቀኑ ስለማይዋልል ነው። ወቅቱ ከኅዳር እስከ ጥር ይሁን። ግንቦትና ሰኔ ድሬ ላይ ፈረስ ማስሮጥ ነውር ነው፤ ያኔ እኛም ጥላ ለጥላ ነው የምንሄደው። በወቅቱም ቢሆን ጧት በማለዳ ይሁን። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ሲደርቅ ሜዳ ይመስላል፣ ሰውንም ያማልላል። ጥልቅ አሸዋ ግን የፈረስ ጅማት ይጎዳል። የ2006ቱን ጎርፍ ያየ ሰው ደግሞ ወንዝ ውስጥ ድንኳን አይተክልም። ጠንከር ያለ፣ ድንጋዩ የተለቀመ ሜዳ ከከተማ ወጣ ብሎ ይፈለግ።

በውድድሮቹ መካከል ሦስት ሦስት ሳምንት ይሰጥ። የእኛ ፈረስ ዓመቱን ሙሉ ገብስና አልፋልፋ እየበላ አይኖርም፤ አብዛኛው ሠርቶ አዳሪ ነው። ከውድድሩ ማግስት ጋሪ ላይ እንዳይጠመድ ለባለቤቱ የዕለት ገቢውን የሚተካ ክፍያ ይታሰብለት። ትልቅ ዋንጫ ከመግዛት ይህ ይቀድማል። ሦስቱንም ለጨረሰ ሁሉ ትንሽም ቢሆን ይሰጥ፤ ግን ለመጨረሻው ደካማ ትልቁ ሽልማት እንዳይደርሰው በአንዱ ቢያንስ ከሦስተኛ በላይ መውጣት ግዴታ ይሁን።

ርቀቱን እኔ ብሆን ድሬ ላይ 1,200፣ ሐረማያ ላይ 1,600፣ ሐረር ላይ 2,000 ሜትር ብዬ እጀምራለሁ። ከድሬ ሐረር ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ ይጨምራል። የቆላ ፈረስ ሽቅብ ወጥቶ ረጅሙን ሲሮጥ ርቀቱና ቀጭኑ አየር ይደራረቡበታል። ለደጋዎቹ አደላ የሚል ቅሬታ ከመጣ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው፤ ሐረር ላይ አጭሩን አስቀድሞ፣ ረጅሙን ድሬ ላይ ማድረግ።